ስምንት ኪሎ ማማ ላይ

ማማ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የማሽላ ጠባቂውን ነው። አራት ቋሚ፣ ከላይ ርብራብ፣ እዚያ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚያባርር ልጅ። ይሄ ጽሑፍ ስለ ሌላ ማማ ነው፤ በዝግ ቤት ውስጥ ለምትኖር ድመት ስለሚገዛው፣ ምሰሶዎቹ ገመድ የተጠመጠመባቸው፣ መደቦቹ ምንጣፍ የለበሱ የቤት ዕቃ። ፈረንጆቹ የድመት ዛፍ ይሉታል። እኔ ማማ ማለቱን መርጫለሁ፤ ድመቷ እላዩ ላይ ወጥታ የምትሠራው ሥራ ያው ጥበቃ ስለሆነ።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም አፓርታማ ውስጥ ድመት የሚያሳድግ ጓደኛ ካላችሁ ጥያቄውን ሰምታችሁት ይሆናል፦ «ድመቴ ግዙፍ ናት፣ የማይንገዳገድ ማማ የቱ ነው?» ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስታዩት ግን ውስጡ የሚሺጋን ሸክላ አፈር፣ የታንጋ ቃጫና የሐኪም ቢላ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድመት መጀመሪያ ወደ ሰው የመጣችው በራሷ እግር ነው። የዛሬዋ የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ይመዘዛል፤ እኛም አገር ያለ አውሬ ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጥ ሲመጣ ድመት ተከተለች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ሺሉሮካምቦስ በሚባል ቦታ፣ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ደሴት ነው እንግዲህ፣ ዋኝታ አልሄደችም፤ ሰው ጀልባ ላይ ጭኖ ወስዷታል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሺህ ዓመታት ብዙ ነገር ተለዋወጠ፤ ግብፆች አመለኳት፣ አውሮፓ ውስጥ ከጠንቋይ ጋር አገናኟት። በሩ ግን ክፍት ነበር። ማታ ትወጣለች፣ ጥፍሯን ዛፍ ላይ ትስላለች፣ ጠዋት ትመለሳለች። አያቶቻችንን «ለድመቷ ማማ ተገዛላት» ብንላቸው ይስቁብን ነበር። ቆጡም፣ የግቢው ዋንዛም፣ የጎረቤት ቆርቆሮም ማማዋ ነበር።

በሩን የዘጋው አፈር ነው። በ1947 ክረምት፣ ካሶፖሊስ በምትባል የሚሺጋን ትንሽ ከተማ፣ ኤድዋርድ ሎው የሚባል ወጣት ከአባቱ ጋር ለፋብሪካዎች የፈሰሰ ዘይት የሚመጥ ነገር ይሸጥ ነበር። አንዲት ጎረቤቱ ለድመቷ ሳጥን የምታስገባው አሸዋ በረዶ ሆኖባት፣ አመድ ስትሞክር ደግሞ ድመቷ ቤቱን በዱካዋ እያጨማለቀችባት፣ አሸዋ ልትለምነው መጣች። ሎው በአሸዋ ፈንታ የደረቀ ሸክላ አፈር ሰጣት። እሷም ወደደችው፣ ተመልሳ መጣች። ሰውየው አፈሩን በአምስት አምስት ፓውንድ ከረጢት ሞልቶ፣ «ኪቲ ሊተር» ብሎ ጽፎበት፣ በ65 ሳንቲም ለመሸጥ ተነሳ። አሸዋ በነፃ በሚገኝበት አገር! በመጨረሻ ግን ሀብታም አደረገው።

ይሄን ታሪክ ሰዎች የሚያወሩት እንደ ንግድ ተረት ነው፤ «ከምንም ተነስቶ ምናምን» እያሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጎኑ ነው። ድመቷ ቤት ውስጥ ሳትሸት መጸዳዳት ስትችል የምትወጣበት ትልቁ ምክንያት ቀረ። ከተሞቹ ደሞ ወደ ላይ እያደጉ፣ መንገዱ በመኪና እየተሞላ ነበር። ቀስ በቀስ በሩ ተዘጋ። ሳጥኑ የተካው ግን ከግቢው አንዱን ጥግ ብቻ ነው። ዛፉን ማንም አላስገባላትም።

ዛፉ ያልገባላት ድመት ሶፋውን ዛፍ አደረገችው።

ድመት የምትቧጭረው ባለጌ ስለሆነች አይደለም። ስትቧጭር ያረጀው የጥፍሯ ሽፋን ይወልቃል፣ ጀርባዋ ይፍታታል፣ ከመዳፏ የሚወጣው ሽታ «ይሄ የኔ ነው» ብሎ ይቀራል። መከልከል አይቻልም፤ የሚቻለው ቦታ መስጠት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተለመደው መፍትሔ ሌላ ሆነ፤ ጥፍሩን ማስነቀል። ስሙ «ጥፍር ማስነቀል» ይባል እንጂ የሚወጣው ጥፍር ብቻ አይደለም። ጥፍሩ የበቀለበት የጣቱ የመጨረሻ አጥንት አብሮ ይቆረጣል። በሰው ቢሆን የአሥሩን ጣቶች ጫፍ ከአንጓው ላይ መቁረጥ ማለት ነው። ለሶፋ ሲባል! ብሪታንያ በ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፣ እስራኤል በ2011 ከለከሉት። ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ኒው ዮርክ ናት፤ እሷም የከለከለችው በ2019 ነው። ትናንት ማለት ነው።

እንግዲህ ማማው እዚህ መካከል የቆመ ዕቃ ነው፤ በሶፋውና በቢላው መካከል። ለዚህ ነው «የማይንገዳገድ የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ የቅንጦት የማልለው። ምሰሶው አንዴ የከዳት ድመት ብዙውን ጊዜ ተመልሳ አትወጣበትም። ወደማይወድቀው ነገር ትሄዳለች። ሶፋው ደግሞ አይወድቅም።

ትልቅ ድመት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከትልልቆቹ የታወቀው ሜይን ኩን ነው፤ ወንዱ 8 ኪሎ ቢመዝን ማንም አይደነቅም፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ስቱዊ የሚባል የዚህ ዝርያ ድመት በ2010 ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጫፍ 123 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለችው የሜይን ግዛት የእርሻና የጎተራ ድመት ነው፤ ፀጉሩ ለበረዶ፣ መዳፉ ሰፊ፣ ሥራው አይጥ። ግንቦት 8 ቀን 1895 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በተደረገው ትልቅ የድመት ውድድር አንደኛ የወጣችው ኮዚ የምትባል ቡናማ ዝንጉርጉር የሜይን ድመት ነበረች። ከዚያ ፋሽኑ ወደ ፋርስ ድመት ዞረና የገበሬው ድመት ተረሳ። ትልቁ የአሜሪካ የድመት አርቢዎች ማኅበር ለሻምፒዮንነት እንዲወዳደር የፈቀደለት በ1976 ነው፤ በ1985 ደግሞ የሜይን ግዛት ኦፊሴላዊ ድመት ሆነ።

ስለ ድመትና ስለ ውድድር ካነሳን፣ «አቢሲኒያ» ተብሎ የሚጠራውን ዝርያ ሳልጠቅስ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሱ እንግሊዞች ዙላ የምትባል ድመት ይዘው እንደሄዱ ይነገራል፤ በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ በታየው ውድድርም አቢሲኒያዊት የተባለች ድመት ቀርባ ነበር። የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል። ከመቅደላ ብዙ ነገር ተዘርፏል፣ ድመቷን እንኳ አጣርተን እንቁጠር። ደግሞ ቀጭን ናት፤ ለሷ ማማ አይቸግርም።

ወደ ግዙፉ እንመለስ። ሜይን ኩን ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ሙሉ ቁመናው ላይ የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሰዎች ገና ግልገል ሆኖ ሳለ፣ ፎቶ ላይ ያማረ ባለ ስድስት ፎቅ ማማ ይገዙለታል። ድመቱ ያድጋል፣ ማማው እዚያው ነው። 8 ኪሎ ሮጦ መጥቶ የላይኛው መደብ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ወደ ጎን ይገፋል። ያው ግፊት በ180 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲያርፍ፣ በ90 ላይ ካረፈው በእጥፍ የበለጠ የመጣል ጉልበት አለው። የማሽላ ጠባቂው ማማ ይሄን ያውቃል፤ ቋሚዎቹ ተራርቀው ይተከላሉ፣ ደግሞ መሬት ውስጥ ይገባሉ። የሳሎኑ ማማ መሬት ውስጥ አይገባም። ያለው ሁለት ነገር ነው፤ የግርጌው ስፋትና የግርጌው ክብደት።

እዚህ ጋ የገበያው ነገር ይመጣል። ማማው የሚሠራበት ጣውላ በአብዛኛው ቺፕውድ ነው፤ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ የተጋገረ። ጀርመኖች እንጨት ባጠራቸው በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በፋብሪካ ማምረት የጀመሩት ነገር ነው። ርካሽነቱ ጥሩ ነው፣ ብሎን ግን ውሎ ሲያድር ይለቀዋል። ምሰሶው ደግሞ ብዙ ጊዜ የካርቶን ቱቦ ነው። ካርቶን መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም፣ ወፍራም ካርቶን ይችላል፤ ችግሩ ቀጭን ሲሆንና አንድ ብሎን ብቻ ሲይዘው ነው። በመርከብ ኮንቴይነር ለሚጓዝ ዕቃ ክብደት ወጪ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው ግርጌው ነው። ለድመቱ የሚያስፈልገውም ያው ግርጌ ነው።

ገመዱ የተለየ ታሪክ አለው። የተጠመጠመው ሲሳል ነው፣ እኛ ከእንሰት ከሚወጣው ጋር ደርበን ቃጫ የምንለው። ተክሉ የሜክሲኮ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ዩካታን ውስጥ ካለች ሲሳል ከምትባል ወደብ ነው። በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ አንድ ሺህ ችግኝ ከፍሎሪዳ በሃምቡርግ በኩል ወደ ያኔዋ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ወደ ታንጋ፣ አስላከ። ከሺው በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ናቸው። ከእነዚያ 62 ችግኞች ተነስቶ አካባቢው በሲሳል ተሸፈነ። ቅጠሉ ጫፉ እሾህ ነው፣ አንድ በአንድ በእጅ ይቆረጣል፤ ከመቶ ኪሎ ቅጠል የሚወጣው ጭረት አራት ኪሎ ቢሆን ነው። ለዚህ ሥራ ከሩቅ፣ ከሞዛምቢክም ከሩዋንዳና ከቡሩንዲም ጭምር፣ በኮንትራት ሰው ይመጣ ነበር። በስዋሂሊ «ማናምባ» ይባሉ ነበር፤ ቁጥሮች ማለት ነው። ሰዎቹ በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ስለሚመዘገቡ።

ታንዛኒያ ነፃ ስትወጣ የዓለም የሲሳል አንደኛ ነበረች፤ በ1964 ምርቷ 230 ሺህ ቶን ገደማ ደርሶ ነበር። አብዛኛው የሚሄደው የአውሮፓና የአሜሪካ ገበሬ ድርቆሽ ለማሰር ነው። ከዚያ ከፔትሮሊየም የሚሠራ የፕላስቲክ ገመድ መጣና ዋጋው ወደቀ፤ በ1967 ከአሩሻ አዋጅ በኋላ የተወረሱት እርሻዎችም አላገገሙም፣ ምርቱ ወደ አሥረኛ እጁ ወረደ። ፕላስቲኩ ድርቆሹን ወሰደ፣ የድመቷን ምሰሶ ግን መውሰድ አልቻለም። የሲሳል ጭረት ሻካራ ነው፣ ጥፍር ይገባበታል፣ ሲሳብ ደግሞ ይተረተራል። ድመት የምትፈልገው ይሄንኑ መተርተር ነው። ከ4 ሺህ በላይ የድመት ባለቤቶች የመለሱት በ2016 የወጣ መጠይቅም፣ ድመቶቹ አብልጠው የሚቧጭሩት ገመድ የተጠመጠመበትንና ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ምሰሶ መሆኑን አሳይቷል። ምንጣፍ የለበሰውን ምሰሶ እኔ አልመክርም፤ ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ የተከለከለ፣ ምሰሶው ላይ ያለው የተፈቀደ መሆኑን ድመት በምን ታውቃለች?

ስለዚህ ለግዙፍ ድመት ማማ የምትገዙ ከሆነ ፎቁን ከመቁጠር በፊት ግርጌውን አንሱት። ከበዳችሁ? ጥሩ። ከዚያ የላይኛውን መደብ በእጃችሁ ያዙና ድመቱ እንደሚገፋው ወደ ጎን ግፉት፣ ገር አትሁኑ። ምሰሶው በአንድ እጅ መዳፍ የሚጨበጥ ከሆነ ለግልገል ነው። መደቡ ድመቱ ተጋድሞ የማይበቃው ከሆነ ግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሎ ማማውን ወደዚያ ይጎትተዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሆነውን ግድግዳ ላይ ማሰር ነው፤ አከራይ ብሎን መምታት ከከለከለ ደግሞ አጭርና ሰፊ መግዛት። ብሎኖቹን በየወሩ ጠበቅ አድርጉ፣ ቺፕውድ ነውና። ገመዱ አንድ ቀን ተበጣጥሶ ማለቁ አይቀርም፤ ያኔ ማማውን አትጣሉት። በኪሎ የሚሸጥ ቃጫ ገመድ አምጡና ከታች ወደ ላይ፣ ክፍተት ሳትተዉ፣ እያጠበቃችሁ ጠምጥሙት። አሮጌውን ጥቂት ዙር ተዉለት፤ ሽታው እዚያ ላይ ነው ያለው።