ዲግሪ በፖስታ

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ትምህርቱን በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያስተላለፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1971 ነበር። በጃንዋሪ 20 የአገሪቱ ፖስታ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ አድማውም ሰባት ሳምንት ያህል ዘለቀ። በሕዝቡ ዘንድ ለዓመታት “የአየር ዩኒቨርሲቲ” እየተባለ ሲወራለት ለሰነበተው ተቋም የፖስታ መቋረጥ ምን ይሆናል? ስርጭቱ እንደሆነ አልቆመም። አስተዳደሩ ግን ተጨነቀ፤ ጥራዞቹን ያለ ፖስታ የሚያደርስበት ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነበት። 24 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ተማሪዎች በዋናነት የሚማሩት፣ ዛሬ እኛ ሞጁል የምንላቸውን የታተሙ ጥራዞች ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እያነበቡ ነበርና።

የዩኒቨርሲቲውን ሐሳብ ያመጡት ሃሮልድ ዊልሰን ናቸው። በ1963 የፋሲካ ሰሞን በሲሊ ደሴቶች ለእረፍት ሳሉ ንድፉን ጻፉ፤ በሴፕቴምበር ግላስጎ ላይ በአደባባይ ተናገሩት። ያኔ የሌበር ፓርቲ መሪ እንጂ ገና ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም። ከራሳቸው ፓርቲ ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ ነገሩን የምርጫ ሰሞን ወሬ አድርገው ቆጠሩት።

ዊልሰን ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነገሩን ከወሬ ያወጡት ጄኒ ሊ ናቸው። በስኮትላንድ ፋይፍ የተወለዱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ያቋቋሙት የአናይሪን ቤቫን ባለቤት ነበሩ። በ1965 ጉዳዩ ሲሰጣቸው በጎልማሶች ትምህርት የኖሩ ባለሙያዎች የመሰናዶና የሰርተፊኬት ትምህርት ይበቃል ብለው መከሯቸው። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። የሚሰጠው ዲግሪ ከማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የማያንስ ካልሆነ አይፈልጉትም። ለሠራተኛው ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ ማቅረብ ለእሳቸው ንቀት ነበር። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ውሳኔ ይህ ነው፤ በቴሌቪዥኑ ቦታ በኋላ ኢንተርኔት ተተክቷል፣ ይህ ግን አልተነካም።

ንጉሣዊው ቻርተር በኤፕሪል 1969 ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ኮንሰርቫቲቮች ምርጫውን ሲያሸንፉ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው የመጡት ዩኒቨርሲቲውን ቀድሞውንም ቅዠት ነው ብለው ያጣጣሉት ኢየን ማክሊዮድ ነበሩ። እሳቸው ሥልጣን በያዙ በወሩ አረፉ። የትምህርት ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ደግሞ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ ከመደበኛው ያነሰ መሆኑን አይተው ተቋሙን አቆዩት። የትምህርት ቤት ልጆችን ወተት በመከልከል የሚታወቁት እኚሁ ሴት ለጎልማሶቹ ሲሆን መራራታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ወይም ሒሳቡ ነው የራራው።

አሠራሩ የሠራተኛን ኑሮ በሚያውቅ ሰው የተነደፈ ይመስላል። መግቢያ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት አይጠየቅም፤ ያኔ ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይገባ ነበር። የትምህርት ዓመቱ በጃንዋሪ ተጀምሮ በኖቬምበር ፈተና ይዘጋ ነበር። ለዲግሪ ስድስት ክሬዲት፣ ለማዕረግ ዲግሪ ስምንት ያስፈልግ ነበር፤ በዓመት አንድ መውሰድ ይቻል ነበር፣ ልጅ ሲወለድ ወይም ሥራ ሲበዛ ደግሞ አቋርጦ ሌላ ጊዜ መመለስ። ተማሪው የጻፈው የቤት ሥራ በፖስታ ለአስተማሪው ይላክ፣ አስተያየት ተጽፎበት ይመለስ ነበር። የምርጫ ጥያቄዎቹን የሚያርመው ኮምፒውተር ነበር፤ ያውም በ1971። የሳይንስ ተማሪ ከነትንሿ ማይክሮስኮፑ የቤተ ሙከራ ሣጥን ይላክለት ነበር። በክረምት ደግሞ መደበኛ ተማሪዎች ለእረፍት የለቀቁት ግቢ ውስጥ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነበር፤ ብዙ ሰው የዓመት ፈቃዱን የሚሰጠው ለዚያች ሳምንት ነበር። ጢማቸው የረዘመ፣ ክራባታቸው የሰፋ መምህራን በጠዋትና በሌሊት ብቅ የሚሉበት ስርጭት የቀልደኞች መሳቂያ ሆኖ እስከ 2006 ዘልቋል።

የገቡት እነማን ነበሩ? ትልቁ ክፍል ዲግሪ ያልነበራቸው መምህራን ናቸው። ከሥልጠናቸው ክሬዲት ስለተያዘላቸው የመጀመሪያዎቹ በ1973 ተመረቁ። ይሄ የሠራተኛው ሳይሆን የመምህሩ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚል ትችት የመጣው ያኔ ነው፤ ትችቱ ውሸት አልነበረም። የዊሊ ራስል “ኤጁኬቲንግ ሪታ” የተሰኘው ቴአትር በ1980 መድረክ ላይ ሲወጣ ግን በሕዝብ ዓይን የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ማለት ጸጉር ሠሪዋ ሪታ ሆነች።

ለእኛ አንባቢ የቅርቡ ምሳሌ መለስ ዜናዊ ናቸው። ሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የገቡት መሪ፣ በ1995 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያገኙት ሥልጣን ላይ ሆነው በርቀት ተምረው ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ክፉኛ የጎዳው ግን አድማውም ማክሊዮድም አልነበሩም፤ ክፍያ ነው። በ2012 መንግሥት ድጎማውን ሲቀንስ በእንግሊዝ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ክፍያ እጅግ አሻቀበ። ለትርፍ ጊዜ ተማሪም የብድር በር ተከፈተ፤ ነገር ግን የቤት ዕዳና ልጆች ያሉት የ40 ዓመት ሰው ሌላ ዕዳ መጨመር አልፈለገም። በዚያው አስርት ዓመት በእንግሊዝ ትምህርት የሚጀምሩ የትርፍ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከግማሽ በታች ወረዱ። በጄኒ ሊ አገር በስኮትላንድ ግን ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ ክፍያውን አሁንም መንግሥት ይሸፍናል።