ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በመጥፋት ላይ በሚገኙ ዝርያዎች ላይ የሚያስከትሉት ሥጋት እንዴት ይገመገማል?

የማሽላ እሸት በሚያፈራበት ወቅት የግሪሳ ወፍ መንጋ በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ተፋሰስ ቆላማ ወረዳዎች ሲሰፍር፣ አርሶ አደሩ ከነቤተሰቡ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ሰብሉን ለመጠበቅ ይጥራል። የመንጋው ብዛት ከሰው አቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የአውሮፕላን ርጭት ይጠየቃል። ርጭቱ የሚከናወነው አመሻሽ ላይ፣ ወፎቹ ለአዳር ወደ ግራር ቁጥቋጦ ወይም ወደ ፊላ በተመለሱበት ሰዓት ነው። ለዚሁ ተግባር በአፍሪካ በስፋት ሲያገለግል የቆየው ፌንቲየን የተባለው ኬሚካል ነው።

ሰብሉ ከጥፋት ይተርፋል። ይሁንና በማግስቱ ማለዳ መሬት ላይ የተረፈረፈውንና ገና የሚንፈራገጠውን ግሪሳ ለመልቀም ጭልፊት፣ ንስር፣ አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ ይሰበሰባሉ። ፌንቲየን ለወፎች እጅግ መርዛማ ከመሆኑም በላይ በሞተው ግሪሳ ሰውነት ላይና ውስጥ ስለሚቆይ፣ ያልተረጨባቸው ወፎች በምግባቸው አማካይነት ይመረዛሉ። ባለሙያዎች ይህን ሁለተኛ ደረጃ መመረዝ ይሉታል።

የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መዝገብ በኢትዮጵያ የሚገኙ አራት የጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ተርታ መድቧቸዋል። የአንድ አርሶ አደር የዓመት ቀለብ በአንድ በኩል፣ የእነዚህ ወፎች ህልውና በሌላ በኩል በሚቀመጥበት በዚህ ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጠው አካል ሁለቱንም መመዘን ይጠበቅበታል። ለዚህ ሚዛን የሚያገለግለው የአሠራር ሥርዓት የሥጋት ግምገማ ይባላል።

የሥጋት ግምገማ ሁለት ጥያቄዎችን ያገናኛል። አንደኛው ኬሚካሉ ምን ያህል መርዛማ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው እንስሳው ለምን ያህሉ መጠን ይጋለጣል የሚለው ነው። እጅግ መርዛማ የሆነ ነገር በታሸገ ዕቃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ መርዛማነቱ መካከለኛ የሆነ ኬሚካል በየሳምንቱ ወደ አንድ ኩሬ የሚገባ ከሆነ ሥጋቱ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል።

የመርዛማነቱ መጠን የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ነው። ለወፎች አብዛኛውን ጊዜ ቦብዋይት የተባለው የቆቅ ዝርያና ዳክዬ፣ ለዓሣ ደግሞ ትራውትን የመሳሰሉ ዝርያዎች ይፈተናሉ። ከተፈተኑት እንስሳት ግማሹን የሚገድለው መጠን ተለይቶ ይመዘገባል። በመጥፋት ላይ ያለ ዝርያ ለሙከራ ስለማይቀርብ የቆቁ ውጤት ለጥንብ አንሳውም ወኪል ሆኖ ይቆጠራል። የግምገማው ትልቁ ክፍተት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አንዱ የወፍ ዝርያ የሚቋቋመው መጠን ሌላውን ሊገድል እንደሚችል የታወቀ ነውና።

ቀጥሎ እንስሳው ሊያገኘው የሚችለው መጠን ግማሹን ለሚገድለው መጠን ይካፈላል። ውጤቱ የሥጋት ጥምርታ ይባላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሚሠራበት ልኬት ለወፎችና ለአጥቢ እንስሳት ጥምርታው 0.5 ሲደርስ የአጣዳፊ ጉዳት ሥጋት ከፍተኛ ነው ይባላል። ዝርያው በመጥፋት ላይ ያለ ከሆነ ግን ወሰኑ ወደ 0.1 ይወርዳል። በውኃ ውስጥ ለሚኖሩት በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ 0.05 ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ኬሚካል ገዳይ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 20 ሚሊ ግራም ነው እንበል። ወፉ ከተረጨ ማሳ በአንድ ቀን በኪሎ ግራም ክብደቱ 4 ሚሊ ግራም ቢያገኝ ጥምርታው 0.2 ይሆናል። በብዛት ለሚገኝ ወፍ ይህ ከወሰኑ በታች ሲሆን፣ ለመጥፋት ለተቃረበው ግን ከወሰኑ እጥፍ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙ ሺህ ጥንዶች ካሉት ዝርያ ጥቂቶች ቢሞቱ በቀጣዩ የመራቢያ ወቅት ይተካሉ። በዓለም ላይ ከ250 የማይበልጡ ለመራባት የደረሱ ወፎች ብቻ ካሉት ዝርያ ግን የአንዱ ሞት ራሱን የቻለ ኪሣራ ነው።

ጥምርታው መነሻ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ የአሜሪካ ተሞክሮ ያሳያል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎች ሕግ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚወስደው ውሳኔ ዝርያዎቹንና ዋነኛ መኖሪያቸውን ለአደጋ እንዳይዳርግ ያስገድዳል። ፀረ ተባይ መመዝገብም እንዲህ ያለ ውሳኔ ነው። የመዝጋቢው መሥሪያ ቤትና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶቹ የአገማገም ስልት ለዓመታት ሳይጣጣም በመቆየቱ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የሦስት ደረጃ አካሄድ አቅርቧል። በመጀመሪያ ኬሚካሉ ዝርያው ከሚገኝበት ሥፍራ ጋር ይገናኛል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የሚገናኝ ከሆነ ጉዳት የማድረሱ ዕድል ይመረመራል። በመጨረሻም ጉዳቱ የዝርያውን ህልውና የሚፈታተን ወይም መኖሪያውን የሚያበላሽ መሆን አለመሆኑ ይወሰናል።

ወረቀት ላይ የተቀመጠው ሥርዓት ሥራ ላይ መዋሉ ግን ቀላል አልሆነም። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የሥራ ዕቅድ ከፀረ ተባይ ውሳኔዎቹ መካከል የሕጉን ግዴታ ያሟላባቸው ከ5 በመቶ በታች መሆናቸውን አምኗል። በብዙ የሰው ኃይልና በረጅም ዓመታት ልምድ ለተደራጀ መሥሪያ ቤት ይህ ቁጥር አነስተኛ ነው። ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ እየገመገሙ ለመጨረስ እንደማይቻል በመታወቁም ኤጀንሲው አካሄዱን ቀይሯል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 በፀረ አረም፣ ሚያዝያ 2025 ደግሞ በፀረ ነፍሳት ኬሚካሎች ላይ ያጸደቃቸው ስልቶች ትኩረታቸውን በቦታ ላይ አድርገዋል። ዝርያዎቹ በሚገኙባቸው ሥፍራዎች ርጭት የማይደረግበት የዳርቻ ቀጠና እንዲተውና የጎርፍ እጥበት እንዲቀነስ ይጠይቃሉ።

ቦታና ወቅት ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጣቸው ከአርጀንቲና የተገኘው ትምህርት በቂ ማስረጃ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚራባ አንድ የጭልፊት ዝርያ ክረምቱን በአርጀንቲና ሜዳዎች ፌንጣ እየተመገበ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 አርሶ አደሮች ፌንጣውን ለመከላከል ሞኖክሮቶፎስ የተባለ ኬሚካል ሲረጩ ጭልፊቶቹ በማደሪያ ዛፎቻቸው ሥር በብዛት ረግፈው ተገኙ። በቆጠራ የተደረሰበት ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን፣ አጠቃላዩ ቁጥር 20 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። በሁለት አህጉራት ተበትኖ የሚኖር ዝርያ ለጥቂት ወራት በአንድ አካባቢ በመከማቸቱ በአንድ ጊዜ ተመትቷል። ኢትዮጵያም ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ በርካታ አዳኝ ወፎችና ጥንብ አንሳዎች የሚከርሙባት አገር በመሆኗ ጉዳዩ ለእርሷ እንግዳ አይደለም።

በኢትዮጵያ ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያዘው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1990 ልዩ ድንጋጌ ይጀምራል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ይህንኑ አጠናክሮታል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ከኔዘርላንድ ተመራማሪዎችና ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር በመተባበር በአገሪቱ የዝናብ መጠን፣ ከፍታና የውኃ አካላት ላይ የተመሠረተ የኮምፒዩተር መገምገሚያ አዘጋጅተዋል። መገምገሚያው አንድ ፀረ ተባይ በደጋ ጅረት ወይም በኩሬ ውኃ ውስጥ ምን ያህል ሊገኝ እንደሚችል በማስላት ለመጠጥ ውኃ፣ ለዓሣ፣ ለወፎችና ለንቦች ያለውን ሥጋት ያመለክታል። ከአውሮፓ በተቀዳ መረጃ ከመመራት የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ያም ሆኖ አገር አቀፍ ስሌት የትኛው ረግረግ ማንን እንደሚያስጠልል አይናገርም።

የበርጋ ረግረግ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው ይህ ሥፍራ ሳሮትሩራ አየርሲ በሚል ሳይንሳዊ መጠሪያ የምትታወቀው ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ ከምትራባባቸው እጅግ ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ መራባቷ እስከተረጋገጠበት ጊዜ ድረስ የሚታወቁት የመራቢያ ሥፍራዎቿ በኢትዮጵያ ደጋማ ረግረጎች ብቻ ነበሩ። ከላይ የተጠቀሰው የ250 ቁጥርም የእርሷ ነው። ወፏ እንቁላል የምትጥለው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ወራቱ በአካባቢው ደጋዎች ስንዴና ጤፍ ከአረም የሚጸዱበት፣ ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረምም የሚረጭበት ነው። ለረግረጉ ዋነኞቹ ሥጋቶች ልቅ ግጦሽ፣ የሣር አጨዳና የውኃ ማንጣፈፍ ናቸው። ይሁን እንጂ ሽፋኑ ከሣር የሆነ ጎጆ ላላት ወፍ፣ ዕፅዋትን የሚያደርቅ ኬሚካል በቀጥታ ባይመርዛትም መጠለያዋን ሊያሳጣት ይችላል። የመኖሪያ አካባቢ ግምገማ ከዝርያው ግምገማ ተለይቶ መታየት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በጣና ሐይቅ ተመሳሳይ የወቅት መገጣጠም ይታያል። ላቤዮባርበስ ከተባለው የዓሣ ዘር በሌላ በየትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች በሐይቁ ይኖራሉ። ከእነዚህ በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ርብና ጉማራን ወደ መሳሰሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ወንዞቹ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው የሚፈሱ በመሆናቸው ከማሳ የታጠበው ሁሉ ዓሣው እንቁላሉን ወደሚጥልበት ውኃ ይገባል። ዝርያዎቹ ከመጠን በላይ በሆነ ማስገር አስቀድመው የተዳከሙ ስለሆኑ ለጤናማ የዓሣ ሀብት የተሰላው ጥምርታ በእነርሱ ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም።

የዝዋይ ሐይቅ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይገባል፤ አብያታ ግን መውጫ የለውም። በቀላሉ የማይበሰብስ ኬሚካል ወደዚያ ከደረሰ የሚሄድበት ሥፍራ አይኖረውም። በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች በአራት የወፍ ዝርያዎችና ለምግብነት በሚያውሏቸው አምስት የዓሣ ዝርያዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከተገኙት ኬሚካሎች ሁሉ ዲዲቲ እንደሚበልጥ አመልክቷል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ በቤት ግድግዳ ላይ እንዲረጭ የተፈቀደ የነበረ ሲሆን፣ ወደ እርሻ ማሳ መውጣቱም በተደጋጋሚ ተዘግቧል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የምዝገባ ግምገማ ሊይዘው የማይችለውን ጉዳይ ያነሳል። ግምገማው የሚሠራው ኬሚካሉ በመለያ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው መሠረት ያገለግላል ከሚል ግምት ተነስቶ ነው። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የጥንብ አንሳ ሞቶች 61 በመቶው በመመረዝ የደረሰ መሆኑን አንድ አህጉር አቀፍ ጥናት ያረጋገጠ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚከሰተው ከብት የበላውን ጅብ ወይም አንበሳ ለመግደል በጥንብ ላይ ከሚነሰነስ መርዝ ነው። ለዚህ ተግባር የተመዘገበ ፀረ ተባይ የለም። መፍትሔውም ከመዝጋቢው ይልቅ በሻጩ፣ በወረዳው ባለሙያና በአርብቶ አደሩ ዘንድ ይገኛል።

በግሪሳው ርጭት ረገድ ግን ውሳኔው በመንግሥት እጅ ነው። ርጭቱን ከመኖሪያና ከውኃ አካል በራቁ ማደሪያዎች ላይ መወሰን፣ በማግስቱ የሞቱትን ወፎች ለቅሞ መቅበር፣ ነዋሪው ለምግብነት እንዳይሰበስባቸው መከልከል፣ ከርጭቱ በኋላ የሞቱ አዳኝ ወፎችን ቆጥሮ መመዝገብ ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። በተለይ ምዝገባው ካልተደረገ ቀጣዩ ግምገማ የሚመሠረትበት የአገር ውስጥ ማስረጃ አይኖርም።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሮተርዳም ስምምነት አባል አገሮች፣ በሊትር 640 ግራምና ከዚያ በላይ ፌንቲየን የያዘውን ውሕድ አስቀድሞ በማሳወቅ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ለማስገባት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲወያዩ ቆይተው ግንቦት 2025 ተስማምተዋል። ሐሳቡን ያቀረበችው ቻድ ስትሆን፣ ምክንያቷም ወፎች ሳይሆኑ በረጪ ሠራተኞችና በነዋሪዎች ላይ የደረሰው የጤና ጉዳት ነበር። በዝርዝሩ መግባት እገዳ አይደለም። እያንዳንዱ አባል አገር የውሳኔ መመሪያ ሰነዱ ከተላከለት በኋላ በ9 ወራት ጊዜ ውስጥ ኬሚካሉን ለማስገባት መፍቀዱን፣ መከልከሉን ወይም በቅድመ ሁኔታ መቀበሉን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ርጭት የማይደረግባቸው ሥፍራዎችና ወቅቶች በቅድመ ሁኔታነት ሊገቡ የሚችሉት በዚሁ መልስ ውስጥ ነው።