በመዳብ ሽቦ የተሰፋች ጀልባ

የጀልባ ሥራ በብዙ አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጥበብ ሆኖ ኖሯል። አናጢው አስቀድሞ የጀልባይቱን አከርካሪ ያጋድማል፤ ጎድኗን ያዋቅራል፤ ከዚያም ሳንቃውን እያለዘበ ይገጥማል። ይህን ለመማር ብዙ ዓመት ያስፈልግ ስለ ነበር፥ ሥራውን የማያውቅ ሰው ገንዘብ ካለው ጀልባ ይገዛል፤ ከሌለውም በውኃው ዳር ቆሞ ሌሎች ሲቀዝፉ ያያል። ይህ ነገር በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደ ተለወጠ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን።

መነሻው ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ ከግንድ ተልጦ የወጣ ስስ እንጨት፥ የአንዱ ጭረት ከሌላው ጋር መስቀልኛ እየሆነ ተደርቦ በኮላ የሚጣበቅ ነው። ቀድሞ ኮላው ከእንስሳት አጥንት፥ ከደምና ከወተት ይዘጋጅ ስለ ነበር ውኃ ሲነካው ይለቅ ነበር። ከ1930ዎቹ ወዲህ ግን ውኃ የማይፈታው ማጣበቂያ በኬሚስትሪ ተሠራ፤ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም እንግሊዞች ሞስኪቶ የተባለውን የጦር አውሮፕላን ከእንጨት እስከ መሥራት ደረሱ።

ከጦርነቱ በኋላ ጃክ ሆልት የተባለው ነዳፊ ትንንሽ የኮምፔንሳቶ ጀልባዎችን ያወጣ ጀመር። ባሪ ባክኔል ደግሞ የቤት ጥገናን በቴሌቪዥን የሚያስተምር ሰው ነበር። ሁለቱ ተረዳድተው፥ ሠራተኛው ሕዝብ በሚያነበው በዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ደጋፊነት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1963 ሎንዶን በተደረገው የጀልባ ኤግዚቢሽን ላይ ሚረር የተባለችውን ጀልባ አቀረቡ። ርዝመቷ 3.3 ሜትር፥ የአካሏ ክብደት 45 ኪሎ ያህል፥ ሸራዋም ቀይ ነው። ተቆርጦ የተሰናዳው እንጨት ከነዕቃው በ63 ፓውንድ ከ11 ሺልንግ ይሸጥ ነበር። ይህም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ያህል ስለ ሆነ ርካሽ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ተጠራቅሞ የሚደረስበት ገንዘብ ነው።

ዋናው ብልኀት በአገጣጠሙ ላይ ነው። የጠፍጣፋው እንጨት ዳር ዳሩ ይበሳና ባጭር ባጭሩ በተቆረጠ የመዳብ ሽቦ ይሰፋል። ሽቦው በፒንሳ ሲጠመዘዝ ጠርዞቹ ይቀራረባሉ፤ እንጨቱም በግድ ይጎብጣል፤ ጀልባይቱ ያለ ቅርጽ ማውጫ መልኳን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ መጋጠሚያው በመስታወት ክር ጥብጣብና በሙጫ ይታሸጋል። ጀልባ መስፋትስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የሚናገረው ፔሪፕሉስ የተባለው የ1ኛው መቶ ዓመት የግሪክ ጽሑፍ፥ በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ስለ ነበሩ የተሰፉ ጀልባዎች ያወሳል። የዚያ ዘመን ስፌት ግን ጀልባውን ዘወትር የሚይዝ ሲሆን የሚረር ስፌት የሚያገለግለው ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ነው።

በዚህ ምክንያት የእጅ ጥበብ ጠፋ የሚሉ አሉ። እኛ ቦታ ለወጠ እንላለን፤ በአናጢው እጅ የነበረው ወደ ነዳፊው ወረቀት ተዛወረ። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ሰፊው አንዱን ጠርዝ እንኳ በገዛ ዐሳቡ ቢለውጥ ጀልባይቱ ትጣመማለችና፥ እንደ ጥንቱ አናጢ የራሱን ፈጠራ ሊጨምርባት አይችልም። ቢሆንም ከ70,000 የበለጡ ሚረሮች ተሠርተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን የሠሩት ከዚያ በፊት አንድም ጀልባ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሽቦው በመጨረሻ ከውጭ በኩል ተቆርጦ ይስተካከላል፤ ውስጥ ያለው ግን ከሙጫው ሥር ይቀራል። በዚህ ዐይነት የተሠራችውን ጀልባ ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ቀለሟ የሳሳ እንደ ሆነ፥ መጋጠሚያዋን በቅርብ ቢመለከት የመዳቡን ነጥቦች በተርታ ያገኛቸዋል።