ጥላውን ያባረሩት ስስ ሽፋኖች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1952 በሎስ አንጀለስ «ብዋና ዴቪል» የተሰኘ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። መነሻው የአፍሪካ ታሪክ ነው፤ በ1898 ኬንያ ውስጥ ጻቮ በተባለው ስፍራ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን እየነጠቁ ይበሉ ስለነበሩ ሁለት አንበሶች ይተርካል። ሰው ለሰልፍ የወጣው ግን ለታሪኩ ብሎ አይደለም። አንበሳው ከሸራው ዘሎ ተመልካቹ ጭን ላይ የሚያርፍ ይመስል ነበርና ነው። የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ጄ. አር. አየርማን ያነሳው የዚያ ምሽት ፎቶግራፍ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት መነጽር አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ የሚታዩበት፣ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይታተማል። ፎቶውን የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ መነጽሩ አንድ ጎኑ ቀይ፣ አንድ ጎኑ ሰማያዊ ይመስለዋል። አልነበረም። ሁለቱም ጎኖች ግራጫ የፖላሮይድ ፕላስቲክ ነበሩ። የስሪዲ ፊልም ታሪክ ዋና ባለቤትም ያ ስስ ፕላስቲክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ዐይናችን ነው። ግራና ቀኝ ዐይን አንድን ነገር የሚያዩት በመጠኑ ከተለያየ ቦታ ነው፤ አንጎል ሁለቱን ምስሎች አዋህዶ ቅርቡን ከሩቁ ይለያል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህን በ1838 ይፋ ባደረገው መሣሪያ አሳይቷል። ሲኒማ ላይ ሲደርስ ግን ችግር አለ፤ ሁለቱ ምስሎች የሚያርፉት በአንድ ሸራ ላይ ነው። ስለዚህ የግራው ምስል ወደ ግራ ዐይን ብቻ፣ የቀኙም ወደ ቀኝ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ ዘበኛ ያስፈልጋል። ዘበኛው ከተዘናጋ የአንዱ ምስል ወደ ሌላው ዐይን ይሾልካል፤ ከተዋናዩ ፊት ጎን ደብዘዝ ያለ ሌላ ፊት ይታያል። በጨለማ ውስጥ በሚበራ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በሌሊት ሰማይ ላይ ባለች ጨረቃ፣ ይህ ጥላ ይጎላል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ዐይኑ ይደክማል፣ ራሱን ያመዋል። ስለ ስሪዲ ፊልም ሲወራ ዳይሬክተሮችና ተዋንያን ይነሳሉ፤ ጥላውን በትዕግሥት ሲያሳድዱ የኖሩት የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሰዎች ግን የሚገባቸውን ያህል አልተወራላቸውም።

የዘበኛው አሠራር በብርሃን ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገዱም ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎን ወይም በሰያፍ ሊርገበገብ ይችላል። ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ በ1808 በፓሪስ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮት ላይ የሚያንጸባርቀውን የፀሐይ ብርሃን በካልሳይት ማዕድን ውስጥ ሲመለከት፣ ማዕድኑን ባዞረ ቁጥር ነጸብራቁ ሲጎላና ሲደበዝዝ አየ። ከመስተዋት ላይ የተንጸባረቀው ብርሃን በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገብ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን አንደርተን ደግሞ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ይህን ጠባይ ለስሪዲ ትዕይንት የመጠቀም ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ፤ የግራው ምስል በአንድ አቅጣጫ፣ የቀኙ በሌላ አቅጣጫ እየተርገበገበ ይወጣል፣ መነጽሩም ለየዐይኑ የራሱን ብቻ ያሳልፋል። ሐሳቡ የተሟላ ነበር፤ የጎደለው ዕቃው ነው። በጊዜው ብርሃንን በዚህ መልክ የሚያጣራው ከማዕድን የሚቆረጥ ትንሽና ውድ ክሪስታል ወይም ተደራርቦ የሚቀመጥ የመስተዋት ክምር ነበር። ይህንን ለአዳራሽ ሙሉ ተመልካች ማደል አይታሰብም።

መፍትሔው ቀድሞ በ1852 ተገኝቶ ነበር፣ ያውም ከውሻ ሽንት። በብሪስቶል ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዊሊያም ሄራፓዝ አንድ ተማሪ ነበረው። ክዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በወሰደ ውሻ ሽንት ላይ ተማሪው አዮዲን ጠብ ሲያደርግበት አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ታዩ። ሄራፓዝ ቅንጣቶቹን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ሲጋደም የተደራረቡበት ቦታ ጥቁር ይሆናል፤ ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ግን ብርሃን ያሳልፋሉ። ትልቅ ክሪስታል ለማሳደግ ዓመታት ደከመ። ክሪስታሉ ግን እጅግ ስስና በቀላሉ የሚሰበር ስለነበር ለሥራ የሚውል ነገር አልወጣውም።

ሰባት አሥርት ዓመታት አልፈው ነገሩን የቀየረው ኤድዊን ላንድ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው። በ1926 ሃርቫርድ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ኒው ዮርክ ወረደ፤ ቀን ቀን በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ መጻሕፍትን ያገላብጣል፣ ሌሊት ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ፈቃድ ሳይጠይቅ ገብቶ ይሠራል። የላንድ ብልሃት የሄራፓዝን መንገድ መገልበጡ ነበር። አንድ ትልቅ ክሪስታል ከማሳደግ ይልቅ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎችን አዘጋጀ፣ በፈሳሽ ውስጥ በተናቸው፣ ከዚያም ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አሰለፋቸው። በ1929 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ዓላማው ሲኒማ አልነበረም፤ በሌሊት የሚነዱ ሰዎች በሚመጣባቸው መኪና መብራት እንዳይታወሩ ማድረግ ነበር። የዲትሮይት መኪና ሠሪዎች ግን ሐሳቡን አልተቀበሉትም። በ1937 ያቋቋመው የፖላሮይድ ኩባንያ ፀሐይ መነጽር ላይ አተረፈ።

በቀጣዩ ዓመት ከዚህም የተሻለ ነገር መጣ፤ ክሪስታሉ ጭራሽ ተተወ። አንድ ፕላስቲክ እየሞቀ በአንድ አቅጣጫ ሲለጠጥ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ አዮዲን ውስጥ ሲነከር አዮዲኑ በሞለኪውሎቹ ላይ ተያይዞ በዚያ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ይውጣል። ርካሽ፣ ሰፊና ከቀድሞው የጠራ ሽፋን ሆነ። ዛሬ በኤልሲዲ ቴሌቪዥን ሁሉ ውስጥ ያለው ሽፋን የዚህ ዘር ነው። በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ መኪና ሠሪው ክራይስለር አንድ መኪና ብሎን በብሎን ራሱን ሲገጣጥም የሚያሳይ የስሪዲ ፊልም አቀረበ፤ ጎብኚዎችም የፖላሮይድ መነጽር አድርገው አዩት።

«ብዋና ዴቪል» ገንዘብ ሲያፍስ ሆሊውድ በሙሉ ተከተለው። በ1953 የወጣውን «ሃውስ ኦፍ ዋክስ» ያዘጋጀው አንድሬ ደ ቶት ማየት የሚችለው በአንድ ዐይኑ ብቻ ነበር፤ የሠራውን የስሪዲ ትዕይንት ራሱ ማየት አልቻለም። ሩጫው ግን በአጭር ጊዜ ቀዘቀዘ። የግራውንና የቀኙን ምስል የሚያበሩት ሁለት ፕሮጀክተሮች እኩል መሄድ ነበረባቸው፤ አንዱ ለቅጽበት ወደ ኋላ ከቀረ ተመልካቹ ራሱን ይዞ ይወጣል። ተራ ነጭ ሸራ ደግሞ የብርሃኑን አቅጣጫ ይበታትናል፤ ሥርዓቱን የሚጠብቀው ብርማ ቀለም የተቀባ ሸራ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ተመልካቹ አንገቱን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ ነበረበት። የማጣሪያውን ማዘንበልና የሚያልፈውን ብርሃን በሚያያይዘው የማሉስ ሕግ መሠረት ራስን በ10 ዲግሪ ማዘንበል ብቻ ከማይፈለገው ምስል 3 በመቶ ያህሉን ያሾልካል፤ በ20 ዲግሪ 12 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ ሁለቱ ምስሎች እኩል ይቀላቀላሉ። ትከሻ ላይ ተደግፎ ፊልም ማየት የለም ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ሽፋን ነበር፤ የሩብ ሞገድ ሽፋን ይባላል። ብርሃኑን በሁለት አቅጣጫ ከፍሎ አንዱን በሩብ ሞገድ ያዘገየዋል፤ ሲወጣ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ መርገብገቡን ትቶ እንደ ብሎን ጥርስ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየዞረ ይሄዳል። አንገት ቢያዘነብሉም ግራ ዞሩ ግራ ዞር፣ ቀኝ ዞሩም ቀኝ ዞር ሆኖ ይቀራል። በዚህ መንገድ ላይ ረጅም ዓመታት ከሠሩት አንዱ ሌኒ ሊፕተን ነው። ሪልዲ የተባለው ኩባንያ በ2005 የሊፕተንን ኩባንያ ገዛ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር «ቺክን ሊትል» በዚህ ዘዴ በሲኒማ ታየ። ሁለት ፕሮጀክተር ቀረ፤ አንድ ዲጂታል ፕሮጀክተር በሰከንድ 144 ጊዜ የግራና የቀኝ ምስል እያፈራረቀ ያበራል፣ ከፊቱ የተቀመጠ የፈሳሽ ክሪስታል መስኮትም በዚያው ፍጥነት ዙረቱን ይቀያይራል።

ጥላው ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ቀለም ይዞ መጣ። ሩብ ሞገድ የሚባለው ሽፋን ሩብ የሚሆነው ለአንድ ቀለም ብቻ ነው። ለአረንጓዴ፣ ማለትም ለ550 ናኖሜትር ከተለካ 137 ናኖሜትር ገደማ ያዘገያል፤ ይኸው መጠን ለሰማያዊ ይበዛል፣ ለቀይ ያንሳል። ስለዚህ የሚሾልከው ጥላ ወይን ጠጅ መልክ ይኖረዋል። የተገኘው መላ እጅግ ያምራል። በስክሪኑና በመነጽሩ ላይ ከአንድ ዓይነት ዕቃ የተሠሩ ሽፋኖችን፣ መከልከል ባለበት ምስል ላይ አንዱ ሌላውን እንዲያፈርስ ተቃራኒ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው ያዘገየውን ሌላው መልሶ ያስተካክለዋል፤ ስህተቱ ለሰማያዊም ለቀይም እኩል ይጣፋል፣ ጨለማውም ለሁሉም ቀለም ጨለማ ይሆናል። ስህተቱ የሚቀረው ሊታይ በሚገባው ምስል ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያመጣው ጥቂት የብርሃን መቀነስ እንጂ ጥላ አይደለም።

ዘዴው ቤት ውስጥ ሲገባ ሌላ ፈተና ነበር። ኤልጂ በ2011 ገደማ በሰፊው ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ላይ ከ1080ዎቹ አግድም መስመሮች አንዱ ለግራ፣ ቀጣዩ ለቀኝ ዐይን ተመደበ፤ በላዩ የተለጠፈው ሽፋንም በዚያው ልክ በቀጫጭን ሰቅ ተከፋፍሎ ዙረቱን ያፈራርቃል። በ47 ኢንች ስክሪን ላይ የአንዱ ሰቅ ስፋት ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። በምስሉና በሽፋኑ መካከል ግን መስተዋት አለ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ጥርት ያለ ምስል ያያል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ከታች ወደ ላይ ሲያይ የአንዱ መስመር ብርሃን በጎረቤቱ ሰቅ በኩል ይወጣና ጥላው ይመለሳል። መሐንዲሶቹ በመስመሮቹ መካከል ጥቁር ድንበር አሰፉ፤ ዋጋው የብርሃን መቀነስ ነበር።

የደቡብ አፍሪካው የ2010 የዓለም ዋንጫ 25 ጨዋታዎች በስሪዲ ተቀርጸው ነበር፤ ያን ጊዜ የወደፊቱ ቴሌቪዥን ይህ ነው ተብሎ ነበር። የሚታይ ዝግጅት ግን አልበዛም፣ ቤተሰቡም ሳሎን ውስጥ መነጽር ማድረግን አልለመደም፤ ቀድሞ የስሪዲ ስርጭት የጀመረው የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን በ2013 የስሪዲ ጣቢያውን ዘጋ፣ ኤልጂና ሶኒም በ2017 እነዚህን ቴሌቪዥኖች መሥራት አቆሙ። ገበያው የወደቀው በሽፋኑ ድክመት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሽፋኑ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ዛሬም እየሠራ ነው። ብዙ ባለ ኦሌድ ስክሪን ስልኮች ላይ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ የሚያጣራው ሽፋን (ፖላራይዘር) እና የሩብ ሞገድ ሽፋን አንድ ላይ ተለጥፈዋል፤ ከውጭ የገባው ብርሃን ከስክሪኑ ብረት ላይ ሲንጸባረቅ ዙረቱ ስለሚገለበጥ መውጫ ያጣል፣ ስክሪኑም ፀሐይ ላይ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይነበባል። የሲኒማ የስሪዲ መነጽር በእጁ ያለ አንባቢ ይህንኑ በራሱ ማረጋገጥ ይችላል። መነጽሩን አድርጎ መስታወት ፊት ይቁምና አንድ ዐይኑን ይጨፍን፤ መነጽሩ በሚዞር ብርሃን የሚሠራ ዓይነት ከሆነ፣ በገለጠው ዐይን ላይ ያለው ሽፋን ጠቁሮ፣ የጨፈነው ዐይን ግን ፍንትው ብሎ ይታየዋል።