የባሮ ወደብና የላይኛው ደን ዝናብ

ጋምቤላ በባሮ ዳር የተቆረቆረች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም ከፍ የማትል የቆላ ከተማ ብትሆንም፣ ታሪኳን በአብዛኛው የወሰነው በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋዎች ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ብርብርና ገባ ወንዞች ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ ባሮም ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በመሆኑም የከተማዋን ያለፈ ዘመን ለመረዳት፣ ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበትን ምድር ሁሉ፣ ማለትም ተፋሰሱን፣ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የድንበር ውል፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተመሠረተ። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች እዚህ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት ወቅት፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ብቻ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ግን የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈና ውኃው መጉደል ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ከደጋዎቹ ከተሞች ከጎሬና ከሳዮ በኩል በሸክምና በአጋሰስ የወረደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነበረበት። የአካባቢው የአኝዋ ገበሬዎች ደግሞ ወንዙ ሲሸሽ በሚተወው ርጥብ ዳርቻ ላይ በቆሎ እየዘሩ፣ ለመርከበኛው የሥራ መዝጊያ የሆነውን ወቅት ለራሳቸው የእርሻ መጀመሪያ አድርገውታል።

የዚህ ሁሉ መሠረት በደጋዎቹ ላይ ያለው የላይኛው ደን ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ያበርዳል፤ በመሬት ላይ የሚከማቸው የረገፈ ቅጠል ውኃው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ደኑ የዝናቡን ኬሚካላዊ ይዘትም ይለውጣል፤ በቅጠሎች መካከል ተንጠባጥቦ የሚወርደው ውኃ ከሰማይ ከወረደው ይልቅ ብዙ ፖታሲየም ይይዛል፣ ሥሮችም የታጠበውን ካልሲየምና ማግኒዚየም መልሰው ይስባሉ።

ዝናብ በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት አለው፤ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሟሟበት የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ ወደ 5.6 ይወርዳል፤ በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ የአሥር እጥፍ የአሲድነት ጭማሪ ማለት ነው። የስኮትላንድ ተወላጁ ኬሚስት ሮበርት አንገስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1852 በማንችስተር ያስተዋለው፣ በኋላም «የአሲድ ዝናብ» ያለው ክስተት ግን የድንጋይ ከሰል ጭስ ውጤት ነበር። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ የስካንዲኔቪያ ሐይቆች ዓሣቸውን ሲያጡ ጉዳቱ ገሃድ ሆነ፤ በአሜሪካ ሃባርድ ብሩክ በተባለ ደናማ ተፋሰስም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የዝናብና የጅረት ኬሚስትሪ በአንድነት ሲለካ ቆይቷል።

የባሮ ተፋሰስ የፋብሪካ ጭስ የበዛበት አገር አልነበረም፤ በበጋ የሚቃጠለው የጋምቤላ ሣር ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ቢለቅም አመዱና አቧራው አሲዱን በከፊል ያረክሱታል። እዚህ ጎልቶ የሚታየው የአፈር አሲድነት ነው። ብዙ ዝናብ በተራቆተ መሬት ላይ ለረጅም ዘመን ሲወርድ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም እንዲበዙ ያደርጋል፤ ደኑ ሲመነጠር ደግሞ ንጥረ ነገሩን ወደ ላይ የሚመልሰው ሥርና የሚረግፈው ቅጠል አብረው ይጠፋሉ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬ ዛሬ ለማሳው ኖራ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመኪና መንገድ እየተስፋፋ ሲሄድም የወንዙ ንግድ ከሰመ። የተፋሰሱ ጉዳይ ግን አብሮ አላከተመም። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የመዠንግር ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልልነት (ባዮስፌር ሪዘርቭነት) መመዝገባቸው ተገቢ እርምጃ ነው፤ ይሁንና ጥበቃው የተሟላ የሚሆነው የዝናቡ መጠን ብቻ ሳይሆን የዝናቡ፣ የአፈሩና የወንዙ ኬሚካላዊ ይዘት በደጋውም በቆላውም በአንድነትና በተከታታይ ሲለካ ነው።