የፍሳሽ ውሃ አሞኒያና ረቂቅ ተሐዋስያን፤ ከ1877 እስከ 1914 ዓ.ም.

የከተማ ፍሳሽ ውሃ በተለይ ከሽንት የሚመጣ ብዙ አሞኒያ ይገኝበታል። አሞኒያው ወንዝ ሲገባ ዓሣን ይመርዛል፤ የውሃውንም ኦክሲጅን ይጨርሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ሊቃውንት፣ ፍሳሽ ቀስ ብሎ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አሞኒያው ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ ዐውቀው ነበር። ዳሩ ግን ይህ የሚሆነው በአየርና በአፈር ኬሚካዊ ኀይል ብቻ ነው ወይስ በሕያው ፍጡር? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ክርክር እንዴት እንደ ተፈታና ጥቅሙ ስለ ምን እንደ ዘገየ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1877 ዓ.ም. ሽሌዚንግና ሙንትስ የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት በእሳት የተቃጠለ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ዱቄት በረዥም ቱቦ ሞልተው ፍሳሽ በዝግታ አሳለፉበት። እስከ 20 ቀን ድረስ አሞኒያው እንዳለ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። ነገሩ የኬሚካል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጠበቅ ባላስፈለገም ነበር። ሊቃውንቱ በዚህ ሳይረኩ የክሎሮፎርም ትነት ወደ ቱቦው አስገቡ፤ ለውጡ ቆመ። ክሎሮፎርሙ ከተወገደ በኋላም፣ ጥቂት አፈር የታጠበበት ውሃ እስኪጨመር ድረስ ሥራው አልተመለሰም። በእኛ አስተያየት ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ቪኖግራድስኪ ዙሪክ ላይ ተሐዋስያኑን ለይቶ አሳደገ፤ ኀይላቸውን ከአሞኒያ፣ ካርቦናቸውን ከአየር የሚያገኙ በመሆናቸው በተለመደው የላቦራቶሪ ምግብ ላይ አይበቅሉም ነበር።

ሠራተኛው ከታወቀ ሥራው ለምን ዘገየ? በፍሳሽ ውስጥ አየር እየነፉ የሞከሩ ሰዎች ከታች የቀረውን ዝቃጭ እንደ ቆሻሻ ይደፉት ነበርና ነው። በማንቸስተር፣ በዴቪሂዩም የፍሳሽ ማጣሪያ፣ አርደርንና ሎኬት ግን አልደፉትም። በመጀመሪያው ጊዜ አሞኒያው በሙሉ እስኪለወጥ 5 ሳምንት ያህል በጠርሙሱ ውስጥ አየር ሲነፋ ቆየ። የጠራውን ውሃ ቀድተው፣ ዝቃጩን አስቀርተው፣ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን ደጋግመው ዝቃጩ ሲበዛ ያው ለውጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ተፈጸመ። ነገሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ሊጥ የምታቦካ ሴት ለሚቀጥለው እርሾ ታስቀራለች እንጂ ሁሉን አትደፋም። ሁለቱ ኬሚስቶች ውጤታቸውን አፕሪል 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ለማኅበራቸው አነበቡ፤ ያስቀሩትንም «የነቃ ዝቃጭ» አሉት።

ናይትሬት የሆነው ናይትሮጅን ግን ገና ከውሃው አልወጣም። ኦክሲጅን ሲያጡ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚመልሱትን ባክቴሪያዎች ጋዮንና ዱፔቲ በ1886 ዓ.ም. ለይተው አሳይተው ነበር። ዛሬ ናይትሮጅንን የሚያስወግዱ ብዙ ጣቢያዎች አየር የሚነፋበትንና የማይነፋበትን ገንዳ የሚያፈራርቁት ስለዚህ ነው።