የኮንታክት ሌንስ ታሪክ፤ አመራረጡና አጠባበቁ

ለዓይኑ የማይሳሳ ሰው የለም። እጅግ የምንጠነቀቅለትን ነገር «እንደ ዓይን ብሌን» እንጠብቀዋለን ማለታችንም ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ በዚህ ስስ አካል ላይ ባዕድ ቁስ አኑሮ መዋል እንዴት እንደተቻለ መመርመሩ ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርት ሳይሰጥ አይቀርም። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የኮንታክት ሌንስ ሠሪዎች የብርሃኑን ስሌት የፈቱት ገና በመጀመሪያው ዘመን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ያደከማቸው የአየር ጉዳይ ነው።

በዙሪክ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም አዶልፍ ፊክ ስለ አዲሱ መነጽር ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ሌንሱ ከብርጭቆ የተሠራ ቅርፊት ሲሆን፣ የሚያርፈውም በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ነበር። ፊክ በመጀመሪያ በጥንቸሎች፣ ቀጥሎም በራሱ ዓይን፣ በመጨረሻም በሕመምተኞች ላይ ሞከረው፤ ሆኖም ከሁለት ሰዓት ያህል በላይ ሊታገሡት አልቻሉም። በተከታዩ ዓመት የዶክትሬት ጽሑፉን በኪል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው አውጉስት ሙለር ደግሞ ሩቅ ማየት የሚሳነውን የራሱን ዓይን በዚሁ ዘዴ ለማረም ቢሞክርም፣ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሌንሱን ለማውለቅ ተገደደ። ሌንሱ ዕይታን ያርም ነበር፤ ዓይኑ ግን አልቻለውም።

ጥፋቱ በአብዛኛው ለቅርጹ ተሰጠ። በ1930ዎቹ በቡዳፔስት ዮሴፍ ዳሎስ ከሕያው ዓይን ላይ ልክ እየወሰደ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገጥም ሌንስ ለመሥራት በቃ። በዚህም ምቾቱ ቢሻሻልም፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዕይታን እንደ ጭጋግ የሚጋርደውና በመብራት ዙሪያ ባለ ቀለም ቀለበት የሚያሳየው ችግር አልተወገደም። ምስጢሩ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ጆርጅ ስሜልሰርና ቬራ ኦዛኒክስ የተባሉ ተመራማሪዎች አየር የማያስገባ መነጽር ለሰዎች አድርገው ውስጡን በናይትሮጅን ሞሉት። በዓይኑ ላይ ሌንስ ሳይኖር ያው ጭጋግ መጣ። ከብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ዓይን በተገለጠ ጊዜ ኦክሲጅን የሚያገኘው በዋነኛነት በእንባ በኩል ከአየር ነው። ኦክሲጅን ሲያጥረው ያብጣል፤ ሲያብጥም ይደፈርሳል።

ከዚህ ግኝት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1948፣ የሎስ አንጀለሱ መነጽር ሠሪ ኬቪን ቱሂ ኮርኒያውን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ አስተዋውቆ ነበር። ፕላስቲኩ ራሱ ኦክሲጅን እምብዛም አያሳልፍም፤ ነገር ግን ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሌንሱ ስለሚንቀሳቀስ አዲስ እንባ ከሥሩ ይገባል። የቼኮስሎቫኪያው ኬሚስት ኦቶ ቪኽተርሌ ከድራሆስላቭ ሊም ጋር ውኃ የሚመጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ካዘጋጀ በኋላ፣ በ1961 የገና ሰሞን ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ፣ ሌንስን በማሽከርከር የሚቀርጽ መሣሪያ በቤቱ ሠራ። ለስላሳው ሌንስ በአሜሪካ በ1971 ተፈቀደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሊኮን የተቀላቀለበት ኦክሲጅን አሳላፊ ጠንካራ ሌንስ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም ለስላሳው የሲሊኮን ሌንስ ለገበያ ቀረቡ።

በሌንስ ውስጥ የሚያልፈው የኦክሲጅን መጠን የሚገኘው የቁሱ አሳላፊነት ለሌንሱ ውፍረት ተካፍሎ፣ በሁለቱ ገጾች መካከል ባለው የኦክሲጅን ግፊት ልዩነት ሲባዛ ነው። ይህ ስሌት ለደጋ አገር ሰው ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የኦክሲጅኑም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በመሆኑም በጅቡቲ ወደብ ለሚውል ሰው በቂ የሆነ ሌንስ በአዲስ አበባ ሊያንስ ይችላል። ደገኛ ሌንስ ሲመርጥ የተሻለ ኦክሲጅን አሳላፊነት ያለውን ቢያስቀድም ምክንያት አለው።

የተለየ ሌንስ በእጅጉ ከሚያስፈልግባቸው ሕመሞች አንዱ ኬራቶኮነስ ነው። ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በጉርምስና፣ ተማሪው ሰሌዳ ማንበብ በሚሻበት ዕድሜ ነው። ሕመሙ ሲገፋ የኮርኒያው ገጽ ወጣ ገባ ስለሚሆን መነጽር መቀያየሩ እምብዛም አይረዳም። ጠንካራ ሌንስ ግን ለብርሃኑ የተስተካከለ ገጽ ይሰጠዋል፤ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል ያለውን ክፍተትም እንባ ይሞላዋል። የእንባ የብርሃን ስብራት መጠን 1.336፣ የኮርኒያ ደግሞ 1.376 ስለሆነ፣ ወጣ ገባው ከሞላ ጎደል ይሰወራል። ሾጣጣው ሲበረታ ወይም ዓይን ክፉኛ ሲደርቅ፣ ኮርኒያውን ሳይነካ በነጩ ክፍል ላይ የሚያርፈው ትልቅ ሌንስ ይመረጣል። ይህ የፊክ የጥንት ሐሳብ ነው፤ አውስትራሊያዊው ዶን ኢዝኪኤል በ1983 ኦክሲጅን በሚያሳልፍ ቁስ ሠርቶ ባቀረበው ጊዜ እንደገና ነፍስ ዘራ። ሌንሱ ሕመሙን አያቆምም፤ ነገር ግን ብዙዎችን ከኮርኒያ ንቅለ ተከላ አድኗል። ምርጫውም የኮርኒያው ቅርጽ ተለክቶ፣ የሙከራ ሌንስ በዓይኑ ላይ ታይቶ በባለሙያ የሚወሰን ነው።

ምርጫው ቢሰምርም አጠባበቁ ከጎደለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ፣ አካንታሜባ የምትባል በውኃና በአፈር የምትኖር ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ የምታስከትለው የዓይን ቁስለት በሌንስ ተጠቃሚዎች ላይ በዛ። ሲመረመርም ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ የጨው እንክብል በቤታቸው እያሟሙ ሌንሳቸውን ያጥቡ እንደነበር ታወቀ። ስለዚህ የቧንቧ ውኃም ሆነ ምራቅ ሌንስ ሊነካ አይገባም። እጅ በሳሙና ታጥቦ በሚገባ ይደርቃል፤ ሌንሱ ለዓይነቱ በታዘዘው ፈሳሽ ይታሻል፣ ይለቀለቃል። ትናንት በማስቀመጫው የቀረ ፈሳሽ ይደፋል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም። ማስቀመጫው ተደፍቶ ይደርቃል፤ በየሦስት ወሩም ይለወጣል። ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር ሌንስ አድርጎ መተኛት አይገባም። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከደበዘዘ ሌንሱ ወዲያውኑ ወልቆ ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል።

በሲሚንቶ አቧራና በብየዳ ፍንጣሪ መካከል የምንውል የሙያ ባልደረቦች ሌንስ የአደጋ መከላከያ መነጽርን እንደማይተካ ልብ ልንል ይገባል። በቤታችንም መነጽሩ በየጊዜው እየተለወጠለት ሰሌዳ የሚደበዝዝበት ልጅ ቢኖር፣ ሌላ መነጽር ከማዘዛችን በፊት የኮርኒያው ቅርጽ እንዲለካ ማድረግ ይኖርብናል።